እንግዳ 41

«ነፍሱን ይማረውና፣ ያቺን የመጨረሻ መስመር ሳያስተካክልልን ሄደ» አለ ባለ ማተሚያው፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ።

በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ነበር። ግን አርባ ዓመት ከማተሚያ ማሽን ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው፣ ሹክሹክታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል። በሳሎኑ ግድግዳ ዙሪያ የተቀመጡት ለቀስተኞች ዞር ዞር አሉ። ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ምነው? ውሸት ተናገርኩ? ስምንት ዓመት ሙሉ ለመንኩት። ገጹ ጢም ብሎ ከሞላ የመጨረሻዋ መስመር አትታይም፣ አትታተምም። የሠርግ ጥሪ አትሜ አድራሻው ጠፋ። ሦስት መቶ ካርድ ላይ በእጄ ጻፍኩ፣ በእጄ!»

«እና ይኼ ለቅሶ ላይ ይነሳል?»

«የት ላንሳው ታዲያ? ከእንግዲህ እንደሆነ መልስ አይጽፍልኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «‹አባባ› እያለ ነበር የሚጽፍልኝ። የገዛ ልጄ በዓመት ስንቴ ይደውላል? እሱ ግን ማታ የጻፍኩለትን ጠዋት ይመልሳል። ‹አባባ፣ መስመሯን እየፈለግኳት ነው› ይለኛል።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ።

ከማዕዘን ሆና የምታየው የሟች እህት አላዘነችለትም። ቀናችበት።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በቁመት ከወንድሟ በአንድ ራስ ትበልጥ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን አሁንም «ትንሿ» ነው የሚላት። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። የራሷ እንባ አልመጣ ብሏት የሰዉን እንባ ስትመዝን ውላለች። ይኼኛው ከአንጀቱ ነው፣ ያኛው ለወጉ ነው፣ ይቺ ደግሞ የራሷን ሬሳ አስታውሳ ነው። የባለ ማተሚያው ከአንጀቱ ነበር። ይባስ ብሎ የተቀመጠው በወንድሟ ወንበር ላይ ነው። ወንበር ሲያጥር ከሥራ ክፍሉ ተገፍቶ የመጣ፣ እግሩ ባለ ጎማ፣ መደገፊያው በአንድ ሰው ጀርባ ልክ የጎደጎደ ወንበር። ሽማግሌው በተወዛወዘ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ወንድሟ ስልክ ሲያነሳላት ከኋላው ትሰማው የነበረው ድምፅ ይኼው ነው።

ወንድሟ ቀን ቀን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ከሥራ መልስ ግን «ገጽ» የተባለውን ፕሮግራም ይጠግናል። ገጽ ለጽሑፍና ለኅትመት የሚሆን፣ ማንም በነጻ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም ነው። እሱና ሌሎች አራት በጎ ፈቃደኞች ናቸው እየጠገኑ ያቆዩት። ተጠቃሚው ችግር ሲገጥመው በፕሮግራሙ መድረክ ላይ ቅሬታ ይከፍታል፤ ወንድሟ መልስ ይሰጣል። አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር፦ ቅሬታን የሚዘጋው የከፈተው ሰው ብቻ ነው። ጠጋኙ «ጨርሻለሁ» ማለት አይችልም፤ ባለ ቅሬታው «አዎ፣ ተስተካክሎልኛል» ካላለ ጉዳዩ ክፍት ይቆያል። ሌሎቹ ጠጋኞች የሞኝ ደንብ ነው ብለውት ነበር። ትንሿ ግን ከየት እንዳመጣው ታውቃለች። አባታቸው በር ከፍቶ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ከመኝታው ሆኖ ይጮህ ነበር፦ «ብርድ አስገባችሁብኝ! የከፈተ ይዝጋ!»

እሷም ሙያዋ ያው ነው። ባሕር ማዶ ተምራ፣ እዚያው ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሰው ፕሮግራም ላይ ስህተት እየፈለገች ስትኖር ቆይታ፣ ከስምንት ወር በፊት ተመልሳለች። ለምን እንደተመለሰች ለጠየቃት ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥታለች። አንዱም ውሸት አልነበረም፤ አንዱም ግን አላሳመናትም።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል የወንድሟ ሚስት ወደ ሥራ ክፍሉ ጠራቻት። ልብስ ሰፊ ናት። በአንዱ ግድግዳ የእሷ ስፌት መኪና፣ በሌላው የባሏ ጠረጴዛ። አሥራ አምስት ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሠርተዋል።

«ያውና» አለች ላፕቶፑን በአገጯ እያሳየች። «እኔ በዚህ በኩል ስሰፋ፣ እሱ በዚያ በኩል ሲሰፋ ነው ያረጀነው። ሌላ ሴት ብትሆን ሄጄ ጸጉሯን እነጭ ነበር። ይኼን ግን በምኑ ልያዘው?»

«እትዬ...»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቴን ጨነቀኝ ሲል ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ይቺን ልመልስ› ይላል። ይቺን! ሰው መቼ ያልቃል? ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሏል።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንቺ ታውቂበታለሽ። የፈለግሽውን አድርጊው። ሲከፈት የሚጠይቀው ቃል የእኔ ስም ነው። ቢያንስ እዚያ ገብቼለታለሁ።»

«ላጥፋው?»

«ብታጠፊው አላለቅስም።»

ትንሿ ላፕቶፑን ነካችው፤ ሳትከፍተው ግን እጇን ሰበሰበች። ልታጠፋው የፈለገችበት ምክንያት ለሰው የምትናገረው አልነበረም።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ባሕር ማዶ ሳለች፣ ያቺን የመጨረሻ መስመር ነገር መጀመሪያ ያየችው እሷ ነበረች። ደወለችለት። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ የአንተ ፕሮግራም መስመር ይበላል።»

«እሺ ትንሿ፣ እዚያው መድረኩ ላይ ጻፊው፣ እንደ ሰዉ ሁሉ። በይ ደህና ሁኚ፣ አንድ ሰውዬ እየጠበቀኝ ነው።»

እንደ ሰዉ ሁሉ። ስልኩ ሁለት ደቂቃ አልሞላም ነበር። በዚያው ምሽት መድረኩን ከፍታ ወንድሟ ለማያውቃቸው ሰዎች የጻፈውን አነበበች። ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሁለት ገጽ። ስሙን እንኳ ላልነገረው ተማሪ ሦስት ገጽ፣ «አይዞህ፣ ፈተናው እንዴት ሆነልህ?» የሚል ጭምር። ለእሷ ከሦስት ዓመት ወዲህ የጻፈላት የበዓል ሰላምታ ብቻ ነበር፣ እሱም ለሁሉም ዘመድ የተላከ።

እንዲያ ከሆነ፣ አለች፣ እኔም ባዳ እሆናለሁ።

መድረኩ ስም ለማይሰጥ ሰው ቁጥር ያድላል። ለእሷ «እንግዳ 41» ደረሳት። ቅሬታውን ከፈተች፤ ለማስረጃ አንድ ገጽ እስከ ጫፉ ሞልታ አያያዘች። ገጹን ለመሙላት ያህል አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ ጻፈችበት፣ የዘፈን አዝማች፣ የገበያ ዕቃ ዝርዝር፣ የአውቶቡስ ቁጥር። የመጨረሻዋን መስመር ስትጽፍ ግን እጇ ትንሽ ዘግይቶ ነበር። ማንም እንደማያነባት እርግጠኛ ነበረች፤ ፕሮግራሙ ይበላታላ።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። «ወዳጄ እንግዳ 41፣ ስላሳየኸኝ አመሰግናለሁ። እየሞከርኩ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ ትነዘንዘው ጀመር። ሰው እንዳይጠረጥራት «አንቱ» እያለች፣ የአሮጌ ባለጉዳይ አንደበት ይዛ። «አንቱ ሰውዬ፣ ለዚህች አንዲት መስመር ዓመት ይፈጃል?» እሱም ይመልሳል። መልሱ እየረዘመ ሄደ። «ወዳጄ፣ ዛሬም አልተሳካልኝም። ዝናብ መታኝ። ቆጣሪ ሳነብ ውዬ የራሴን ዕድሜ ማንበብ አቃተኝ።» ስለ ጉልበቱ ሕመም ጻፈላት። ሚስቱ ከጀርባው ስታንጎራጉር ደስ ስለሚለው ዝም እንደሚል፣ ካወቀች ግን እንደምትተው ጻፈላት። አንድ ቀን ደግሞ ይኼ መጣ፦ «እህት አለችኝ፣ ባሕር ማዶ። እንዳንተው ስህተት ፈላጊ ናት። ከልጅነቷ የእኔን ስህተት ስትፈልግ አድጋ ነው የሠለጠነችበት። ከእኔ በጣም ትበልጣለች። ይኼን ግን ነግሬያት አላውቅም።»

ትንሿ ያን ደብዳቤ ስታነብ በቅናት አንጀቷ አረረ። ለእሷ ያልነገራትን ለዚህ ስሙ ለማይታወቅ ነዝናዛ ይነግረዋል! በገዛ ራሷ ቀናች። ልትደውልለትም አስባ ነበር፤ ግን ምን ትለዋለች? የሰው ደብዳቤ አነበብኩ?

ከተመለሰች በኋላም ያው ነበር። ከቤቷ እስከ ወንድሟ ቤት አራት ፌርማታ ነው። ሦስት ጊዜ ምሳ ጠርተዋት ሄደች። እንደ እህትና ወንድም ወግ ተሳሳሙ፣ ስለ አየሩ ተነጋገሩ፣ እሱ ወጡን አነሳላት፣ እሷ «በቃኝ» አለች። ቤቷ ስትመለስ ለወንድሟ ጻፈችለት፣ እንደ እንግዳ 41፣ ከአራት ፌርማታ ርቀት። እሱም መለሰ።

ከዚያ ዝም አለ። አንድ ቀን፣ አምስት ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን። ሌላ ሰው አግኝቶ ነው፣ አለች። የሚነዘንዘው ሌላ ሰው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ጻፈች፦ «አንቱ ሰውዬ፣ ሞቱ እንዴ?»

የወንድሟ ልብ የቆመው በዚያው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነበር።

መድረኩ ላይ ያቺ «ሞቱ እንዴ» ለዓለም ሁሉ ትታያለች፤ ይቺን ደግሞ የበላት የለም። ላፕቶፑ ውስጥ የተቀመጡት የይለፍ ቁልፎች መድረኩን ከነመዝገቡ ማጥፋት ይችላሉ። ትንሿ ይኼን ታውቃለች። ስህተት ከራስ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላስተማራትም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ትንሽ ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ ያደረች መሆኗ ከልብሷ መጨማደድ ያስታውቃል። ደፉ ላይ ቆማ ሻንጣዋን ጣለችና አለቀሰች፤ ቤቱ እስኪናወጥ።

«ማናት?» አለ አንድ ድምፅ።

«እኔ እንጃ። ለቅሶዋ ግን የዘመድ ነው።»

«የዘመድ ብቻ?»

ሚስቲቱ ሰማች። ከንፈሯን ነከሰች። ትንሿ ደግሞ መዘነች፤ ከሁሉም የሚከብድ እንባ ነበር።

ሴትዮዋ የጥርስ ሐኪም ናት። በበሽተኛና በበሽተኛ መካከል ገጽን ትጠግናለች፤ ከአራቱ በጎ ፈቃደኞች አንዷ እሷ ናት። ከሚስቲቱ ፊት በርከክ ብላ እጇን ያዘች።

«ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል» አለች። «በየቀኑ ተጻጽፈናል።»

«በየቀኑ» አለች ሚስቲቱ፣ ቃሏን እንደ መርፌ እየሰካች።

«አዎ። ግን... እንዳትቆጪኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ድምፁ ምን ዓይነት ነበር?»

ሚስቲቱ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጥርጣሬዋ ከትከሻዋ ወረደ።

«ጎርናና» አለች። «ሲስቅ ግን ይቀጥናል። ሲያንኮራፋ ደግሞ ተይው፣ የውሃ ቧንቧ ነው።»

ሐኪሟ በእንባዋ መሃል ሳቀች። ሚስቲቱም ሳቀች። ነጠላዋን ገልጣ አጠገቧ ቦታ ሰጠቻት። ትንሿ ከማዕዘኗ ሆና አሁን በሁለት ሰው ቀናች።

ከምሳ በኋላ ሐኪሟ ትንሿን ተከትላ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች።

«እህቴ፣ በዚህ ቀን ይኼን መጠየቄ ነውር ነው። ግን የገጽ ቁልፍ እሱ ጋ ብቻ ነው ያለው። ካልወሰድነው ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፊደል ማስተካከል አንችልም። ስንት ሰው ሥራውን በዚህ ይሠራል።»

«ላጠፋው ነው» አለች ትንሿ።

«ምን?»

«ላፕቶፑንም፣ መድረኩንም። ዕድሜውን የበላው ይኼ ነው። እናንተ ናችሁ። በነጻ አገኛችሁት፣ በነጻ ጨረሳችሁት፣ ለቅሶው ላይ መጥታችሁ ደግሞ ‹መስመሬን አልሠራልኝም› ትላላችሁ!»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ሥራዋ አፉን ከፍቶ ከሚጮህ ሰው ጋር ነው። «ልክ ነሽ» አለች። «ግን እሷን መስመር ሠርቷታል።»

«ምን አልሽ?»

«ክፈችው፣ ላሳይሽ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን።»

ትንሿ የወንድሟን ሚስት ስም ጻፈች። ላፕቶፑ ተከፈተ። ሐኪሟ እንደ ቤቷ ገብታ «ይቆይ» የሚል ስም የተሰጠው ማኅደር አገኘች። ውስጡ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ የተጠገነው ፕሮግራምና አንድ የናሙና ገጽ።

«ቀኑን እዪ። ቅሬታው በተከፈተ በአሥራ አንደኛው ቀን ጨርሶታል፤ ከስምንት ዓመት በፊት። ለምን አታወጣውም ብዬ ተጣልቼዋለሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ይኼ ከተዘጋ አንድ ሰው መጻፉን ይተዋል።› እንግዳ 41 የሚሉት አንድ ነዝናዛ አለ። ለእኔ ሁለት ቃል ሲመልስልኝ ለእሱ ገጽ ሙሉ ይጽፍለታል። እንዴት እንደቀናሁ! ማክሰኞ ደግሞ ‹ሞቱ እንዴ› ብሎ ጻፈ። ልሰድበው መልስ ጽፌ ሳልልከው ነው መርዶው የደረሰኝ።»

ትንሿ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች። የናሙናውን ገጽ በተጠገነው ፕሮግራም ከፈተችው። የዘፈን አዝማች። የገበያ ዕቃ ዝርዝር። የአውቶቡስ ቁጥር። ከግርጌው፣ ስምንት ዓመት ባዶ በነበረው ቦታ፣ መስመሯ ወጣች።

*ጋሼ፣ እኔ ነኝ።*

ሚስቲቱ በር ላይ ቆማ ኖሯል፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ። ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ጋሼ የምትለው ማናት?» አለች ሐኪሟ፣ ገና ሳይገባት።

«በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት» አለች ሚስቲቱ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ ዞረች። «አንቺ ነሽ?»

«ያቺን ነገር ስጽፍ አላወቅኩም» አለች ትንሿ። «ማክሰኞን። መልስ ሳጣ ተናድጄ ነው። ሰው እንዳያየው ነበር ላጠፋው ያልኩት።» ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ያውቅ ነበር ማለት ነው? ያን ሁሉ ሲጽፍልኝ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ እትዬ ማንጎራጎር፣ ስለ እህቱ...»

«ስለ ማንጎራጎሬ ምን አለ?» አለች ሚስቲቱ።

ሐኪሟ ጣቷን ማሳያው ላይ አድርጋ ነበር። «ከአሁኑ በፊት ገጹ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተከፈተ እዪ።»

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ትንሿ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ሳሎን መሆኑን ረስታ፣ መሬት ላይ። እንባው ሦስት ቀን ዘግይቶ መጣ። የሚመዝነው አልነበረም።

በዚያው ከሰዓት ሐኪሟ ጥገናውን ለሁሉም ተጠቃሚ ለቀቀች። ቁልፎቹን ከነላፕቶፑ ትንሿ ራሷ በእጇ ሰጠቻት። ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅላ ገመዱን በአውራ ጣቷና በክርኗ መሃል ጠቀለለችው፣ ወንድሟ ያደርገው እንደነበረው።

«ቅሬታው ግን ክፍት ነው» አለች ሐኪሟ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። እኔ ልዘጋው አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«አይቸኩልም። ጊዜ አለው።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትንሿ ቀድማ ተነሥታ ሳሎኑን ጠረገች፤ ባለ ጎማውን ወንበር ከረድፉ አውጥታ ከራሷ ጎን አደረገችው። ለቀስተኛው ገና አልመጣም። ስልኳን አውጥታ እንደ እንግዳ 41 ገባች። ጥያቄው እዚያው ነበር፦ «ቅሬታዎ ተፈትቷል?» ሊመልሱት ዓመት የሚፈጅ ጥያቄ ይመስል ደጋግማ አነበበችው። የምትጽፈው ነገር ፈለገች፤ ይቅርታ፣ ምስጋና፣ ስድብ። ከእንግዲህ የሚመልስላት የለም። ጣቷ «አዎ» ላይ ሲያርፍ ከበስተኋላዋ አባቷ የሚጮህ መሰላት።

«ይህ ቅሬታ ተዘግቷል» አለ ስልኩ። «ከዚህ በኋላ መጻፍ አይቻልም።»

ስልኩን በፊቱ ደፍታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

ባለ ማተሚያው አንድ ወረቀት እያውለበለበ ገባ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቷል። «መጣች! መስመሯ መጣች! እዪልኝ፣ አድራሻው ከነስልክ ቁጥሩ!» ወረቀቱን ለሚስቲቱ አሳየ፣ ለጎረቤቶቹ አሳየ፣ መሃል ላይ ትዝ ብሎት ዓይኑ ሞላ። «ሳያያት» አለ። «ሳያያት ሄደ።»

ትንሿ እንዳያት ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ይቺ እንኳ ለእኔ ትቅር።

ሽማግሌው ወገቡን ይዞ ወደ ባለ ጎማው ወንበር መጣ። «ይኼኛው ተስማምቶኝ ነበር፣ ልጄ። ባዶ ነው?»

«ሰው አለበት፣ አባባ» አለች፤ መደገፊያውን ይዛ ወንበሩን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው። ሲጢጥ አለ።